የሱለይማን ተራ

ዐርዋ አዲሱን ኢንጂን የተጸየፈችው ሥራ ሳትጀምርበት፣ ገና በሰላምታው ነው። ቬርዶን የተባለው ፕሮግራም ሲከፈት በመጀመሪያ ስም ይጠይቃል፤ ከዚያ ኢሜይል ይጠይቃል፤ ከዚያም «ዛሬ ምን ድንቅ ነገር እንፍጠር?» ብሎ በመስኮቱ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ይበትናል፤ ሙሽራ ያስገባ ይመስል። እሷ ሙሽራ አልነበረችም። አሶሳ ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ ፊዚክስ የምታስተምር፣ ከማስተማር በተረፋት ጊዜ ሁሉ የኮምፒዩተር ጨዋታ የምትሠራ፣ ክልሉ በተቋቋመበት ዓመት የተወለደች የበርታ ልጅ ነበረች፤ በእልልታ የሚቀበላት ሰው አልነበረም፤ እሷም እልልታ አትፈልግም ነበር።

ጨዋታ መሥራት የጀመረችው ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው። ያኔ የያዘችውን ኢንጂን፣ ማለትም ጨዋታ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ አልለቀቀችውም። ፒክሶራ ይባላል። ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ የማያሽቋልጥ ነገር ነበር። ሰው ሲሳሳት የተሳሳተበትን መስመር ያሳያል እንጂ አያጽናናም፤ ሲሳካለትም አያጨበጭብም። ኢንተርኔት አይጠይቅም። መብራት ሄዶ በሚቀርበት ከሰዓት በኋላ እንኳ የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ አያራቁትም። ጣቶቿ መንገዱን ለምደውት ስለነበር፣ ማስታወስ የሚባል ነገር ሳያስፈልጋት፣ ሰው በገዛ ቤቱ በጨለማ ውኃ ቀድቶ እንደሚጠጣ ትሠራበት ነበር።

የፒክሶራ ባለቤቶች ግን ድርጅቱን ሸጡት፤ የገዛው ደግሞ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በፒክሶራ የተሠራ ጨዋታ በአሮጌ ስልክ እንጂ በአዲስ ስልክ አልከፈትም አለ። ተማሪዎቿ ስልክ በቀየሩ ቁጥር ጨዋታዋን የሚከፍት ሰው እያነሰ ሄደ። ዐርዋ ይህን ለማንም አላማረረችም፤ ነገር ግን አንድ ቀን የመጨረሻው አሮጌ ስልክ ሲሰበር ሥራዋ በሙሉ አብሮ እንደሚሰበር ታውቅ ነበር።

ሥራዋ ሲባል በተለይ አንዱ ጨዋታ ነው። የተመሠረተው በዋዛ ላይ ነው። ዋዛ ቅል ከቅል ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ዜማውን ብቻውን የሚነፋው ሰው የለም። አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይቀጥላል፤ ዜማው የሚገኘው በሰዎቹ መካከል ነው። በዐርዋ ጨዋታም ጥቂት ሰዎች በአንድ ስልክ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ጣቱን በየመለከቱ ላይ ያኖራል፤ በተራቸው ሲነኩ ማሽላ የተሸከሙት ሴቶች ከእርሻው ወደ አውድማው ይራመዳሉ። አንዱ ተራውን ቢያሳልፍ ሴቶቹ ይቆማሉ። ጨዋታው ማንንም አይጥልም፣ ነጥብም አይቀንስም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ድምፆቹን የቀዳችው ከአጎቷ ከኻሚስ ቡድን ነው፤ ኻሚስ በኩርሙክ መንገድ ላይ ባለችው መንደራቸው የዋዛው አለቃ ነው።

ግንቦት ላይ ከከተማው የባህል ጽሕፈት ቤቶች የአንዱ ባልደረባ አቶ ደባልቄ ኮሌጁ ድረስ መጣ። የባህል ሳምንት እየተዘጋጀ ነበር። የኻሚስ ሰዎች ደግሞ በእርሻ ወቅት መለከት ከተሰቀለበት አያወርዱም፤ አዝመራ እስኪገባ ድረስ እሺ አይሉም።

«እንግዲህ ዋዛው ካልመጣ የዋዛው ጨዋታ ይምጣ ብዬ ነው፣ መምህርት» አለ ደባልቄ። «ታብሌቶች አስመጥተናል። ልጆች ተሰልፈው ይጫወቱበታል። አዲስ ናቸው፤ ፕላስቲካቸው እንኳ አልተላጠም።»

አዲስ በመሆናቸው ፒክሶራን አይከፍቱም። ዐርዋ ይህንኑ በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዳችው። ደባልቄ ጨዋታው ወይ ለባህል ሳምንቱ እንዲደርስ ወይ ቦታው ለሌላ እንዲሰጥ ነግሯት ሄደ። ወደ ቬርዶን የገባችው በዚህ ምክንያት ነው።

የገባችበትን ቀን ጥርሷን ነክሳ ነው የምታስታውሰው። እሷ የሚያስፈልጋት አንድ ጠፍጣፋ እርሻና አንድ አውድማ ነበር፤ ቬርዶን ግን ተራራ፣ ውቅያኖስ፣ ፍንዳታና የሚነድ ከተማ ይዞ ጠበቃት። በገበያው ክፍል «የአፍሪካ መንደር» የሚባል የተዘጋጀ ዕቃ ይሸጣል፤ ጎጆ፣ ከበሮ፣ ግራር፣ ቀጭኔ፣ ሁሉም በአንድ ጥቅል። እያንዳንዱ ነገር ያብረቀርቃል። ዐርዋ ሲያብረቀርቅ ያየችው ሌላ ነገር ቢኖር በኮሌጁ ግቢ ከማንጎው ሥር ወድቆ የፈረጠው ፍሬ ነው፤ እሱም ከሩቅ ወርቅ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ዝንቡ ይነሣል፣ ጣፋጭ የሆነው የመበስበስ ሽታም ጉሮሮ ይይዛል።

ኦሊያድ ከበስተኋላዋ ቆሞ ያያታል። ኦሊያድ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ኮምፒዩተር ያስተምራል፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ጨዋታዋን ተጫውቶ የሚጨርስ እሱ ብቻ ነበር።

«ማሎ ዐርዋ» አላት፤ ማሎ ባገሩ ቋንቋ እባክሽ ማለት ነው። «እስከ መቼ ነው ሬሳ ታቅፈሽ የምትቀመጪው? ፒክሶራ እኮ ሞተ። ተቀበረ። አርባው ወጣ።»

«ሞተ እንጂ አልሸተተም። ያንተው ቬርዶን ሳይሞት ይሸታል።»

«ምኑ ነው የሚሸተው?»

«ሽቶው።»

ኦሊያድ እየሳቀ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አንቺን ያስቸገረሽ አንድ በአንድ በእጅሽ ላውጣው ማለትሽ ነው። በቬርዶን ውስጥ ያለውን ሰው ሠራሽ ረዳት አዘዢው። አሮጌውን ሥራ ትሰጪዋለሽ፣ ራሱ ይተረጉመዋል፣ የጎደለውን ያሟላዋል። ቅጂውን ስጪኝና ክፍልሽ ግቢ፤ ስትመለሺ እንደ ቡና ፈልቶ ትጠጪዋለሽ።»

«አይጠጣም።»

«እሺ፣ ትጫወቺበታለሽ።»

ሰጠችው። ጊዜው ጠቦ ነበር፤ ሰውየውም ክፉ ሰው አልነበረም።

ከክፍል ስትመለስ የኮምፒዩተር ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። መምህራኑ በአንድ ታብሌት ዙሪያ ተሰብስበው ይስቃሉ፤ ኦሊያድ መሐል ቆሞ የሰርግ ቤት አዝማሪ መስሏል። ዐርዋ በትከሻቸው መካከል አጮልቃ አየች። አውድማዋ የለም። በምትኩ ጀምበር የምትጠልቅበት፣ እንደ ዘይት የሚወዛ ቀይ ሰማይ ተዘርግቷል። ማሽላ የተሸከሙት ሴቶች ወገባቸው ቀጥኖ፣ ከንፈራቸው ወፍሮ፣ አንገታቸው በወርቅ ተጠምጥሞ እየተውረገረጉ ይሄዳሉ። ከበስተኋላ ቀጭኔ ያልፋል። ከየእርምጃው ኮከብ ይፈነዳል። አንዲት መምህርት ብቻዋን፣ በአንድ ጣቷ፣ ዐይኗን ከጓደኛዋ ሳታነሣ ትጫወታለች፤ ዜማው ግን ያለ እንከን ይፈስሳል፤ ያልነካቻቸውን መለከቶች ረዳቱ ይነፋላታል።

«ጆሮ ማዳመጫ ስጡኝ» አለች ዐርዋ።

አደመጠች። መለከቶቹ ታጥበዋል። የአጎቷ ትልቁ መለከት ከማለቁ በፊት ትንሽ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነበረው፤ የለም። በቀሩት ሁሉ ላይ እስትንፋሱ ተወልውሎ፣ ድምፁ ወደ ፒያኖ ቅኝት ተገፍቶ፣ የሳሙና ጣዕም ያለው ልስላሴ ተቀብቷል። ይህን ሁሉ ጠብቃ ነበር። ያልጠበቀችው ከትልቁ መለከት ቀጥሎ ያለውን ነው። ቀጥሎ ያለው ባዶ መሆን ነበረበት፤ አሁን ግን እዚያ አንድ ሰው ይነፋል።

ያ ተራ የሱለይማን ነው። ሱለይማን ከሁለት ክረምት በፊት ታሞ ሞቷል። በኻሚስ ቡድን የሌለ ሰው ተራ አይነፋም። አንዱ ሲሞት መለከቱ ከቤተሰቡ የሚወስደው እስኪመጣ ድረስ ተሰቅሎ ይቆያል፤ ተራው ሲደርስ የቀሩት አየር ስበው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። የሱለይማንን መለከት የሚወስደው ታናሽ ወንድሙ ጣሀ ነው። ጣሀ ጉባ፣ ግድቡ ዘንድ ሥራ ሄዶ ነበር፤ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከዚያ መደወሉ ቀረ። ዐርዋ ባለፈው አዝመራ ስትቀዳ ቡድኑ ያንን ባዶ ቦታ ይዞ ነፋ፤ እሷም እንዳለ ቀዳችው፤ በጨዋታዋም ውስጥ እንዳለ አኖረችው።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። ሬሳ ላይ የተቀባ ከንፈር ያየች መሰላት።

«ይህን ማን ነፋው?» አለች።

«የትኛውን?»

«ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን።»

«እ፣ እሱን!» ኦሊያድ ፊቱ በራ። «ቀረጻሽ ተቆርጦ ነበር እኮ! በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል። ረዳቱ ከሌሎቹ ድምፅ ወስዶ ሞላው። አይታወቅም አይደል?»

«አልተቆረጠም። የሞተ ሰው ቦታ ነው።» ነገሩን አስረዳችው፤ በዝግታ፣ አንድም ቃል ሳትጨምር።

ኦሊያድ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ግን የታብሌቱን ብርሃን አየ። «ገባኝ፤ ያሳዝናል። ግን ዐርዋ፣ ሕፃን ልጅ ይህን ያውቃል? ተበላሸ ነው የሚለው። ደግሞ ይኼ ለሟቹም ክብር አይደለም? እንደገና ነፋ ማለት እኮ ነው።»

«አውጣው።»

«እሺ፣ አወጣዋለሁ። አቶ ደባልቄ ግን አይቶት በደስታ ሊያብድ ነው። አሁን እዚህ ነበር፤ ቅጂውን ለታብሌቶቹ ወስዷል።»

  ዐርዋ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ራሷ ልታወጣው ተቀመጠች። የተሞላውን ድምፅ ሰረዘችው። ጨዋታውን ለታብሌት አዘጋጅ ብላ ስታዝዘው ቬርዶን «ጸጥታ ተገኝቷል፤ ተስተካክሏል» ብሎ መልሶ ሞላው። እንደገና ሰረዘችው፤ እንደገና ሞላው፤ ባለቀለሙንም ወረቀት በተነ። ረዳቱን የሚያጠፋ ቦታ ፈለገች። ከብዙ በር ኋላ አገኘችው፤ ማጥፊያው ግን የሚለው «ለአሁኑ ይረፍ» ነው። አረፈ፤ ፕሮግራሙን ዘግታ ስትከፍት ነቅቶ ጠበቃት። ደጅ ቢዘጉበት በመስኮት የሚገባ፣ ቢሰድቡት የሚስቅ እንግዳ ነበር። እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ለምን እንደታጠበች ለራሷም አልገባትም።

ዕረፍት ላይ ወደ ኦሊያድ ደወለች። ስልኩን አንሥቶ በነፋስ መካከል ጮኸ።

«ዐርዋ! አትቆጪኝ፤ ላስደንቅሽ ብዬ ነው። ከአቶ ደባልቄ አንድ ታብሌት ተውሼ አጎትሽ ዘንድ እየሄድኩ ነው። ለነፉት ሰዎች ላሳያቸው። እነሱ ከወደዱት አንቺም ትወጂዋለሽ!»

ባጃጅ ይዛ ተከተለችው። የኩርሙክ መንገድ ያንን ቀን እንደ ወትሮው ሁሉ ጉድጓድ ነበር፤ ባለባጃጁ በየጉድጓዱ «ባይሆን ይቅርታ» እያለ ይነዳል። ስትደርስ ኦሊያድ ከአጎቷ ደጃፍ ካለው ማንጎ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ኻሚስ ከጎኑ ነው። ታብሌቱ በሁለቱ ጉልበት መካከል ይዘምራል።

«ጥሩ ነው» ይላል ኻሚስ በአማርኛ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው።» ዐርዋ አጎቷን ታውቀዋለች። የወደደውን ነገር ይነቅፋል፣ ያስተካክላል፣ ይጨቃጨቅበታል፤ ጥሩ ነው የሚለው ከመሥሪያ ቤት ለመጣ እንግዳ ነው።

«አየሽ?» አላት ኦሊያድ።

ሰላምታዋን ሳትጨርስ የሱለይማን ሚስት ዓኢሻ ከጓሮ መጣች። ዘር ትዘራ ስለነበር እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። በሩ ጥግ ስትደርስ ቆመች። ዜማው ዞሮ ከትልቁ መለከት ቀጥሎ ያለውን ተራ ነፋ። ዓኢሻ አንገቷን ቀና አደረገች። ሌላ ዙር ጠበቀች። እንደገና ነፋ።

«ጣሀ መጣ?» አለች በአማርኛ፣ ለኦሊያድ።

«ማን?»

«ጣሀ። ይሄ የሱለይማን ቦታ ነው። የሱለይማን ቦታ ጣሀ ብቻ ይነፋል።» ቃሉ አልፈጥን ብሏት እጇን አወራጨች። «መቼ መጣ? አሶሳ ነው ያለ? አንተ አየሽው?»

ኦሊያድ አፉን ከፈተ። ዓኢሻ ግን መልስ አልጠበቀችም። ወደ ቤት ዞራ ልጇን ተጣራች፤ ቤቱ ይጠረግ፣ ምንጣፉ ይውጣ አለች። ጭቃውን በቀሚሷ እየጠረገች ተመለሰች። ፊቷ ላይ ቁጣም ደስታም አንድ ላይ ወጥተው ይጋፉ ነበር። «ቤት ሳይገባ፣ እኔን ሰላም ሳይል ነፋ? ደግሞ በዘር ጊዜ? ግድ የለም። ይምጣ ብቻ። ዱላው ከኔ ነው፤ ይምጣ ብቻ!»

ከውስጥ የመጥረጊያው ድምፅ ተሰማ። ኦሊያድ ወደ ዐርዋ ተመለከተ፤ ቀልድ የሌለበትን ፊቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ታብሌቱ አላቆመም። ኮከብ እያፈነዳ፣ ቀጭኔ እያሳለፈ፣ በየዙሩ የሱለይማንን ተራ ይነፋል። ዐርዋ ከእጁ ነጥቃ አጠፋችው። ከዚያ ኻልቲ፣ አክስቴ እያለች ወደምትጠራት ዓኢሻ ቀረበች፤ በበርታኛ ነገረቻት።

«ኻልቲ፣ ጣሀ አልመጣም።»

«ማን ነፋው ታዲያ?»

«ማንም። ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ተራውን እንዴት አወቀ?»

«አላወቀም። ባዶ ሲያይ ይሞላል።»

ዓኢሻ በዝግታ ተቀመጠች። ጭቃው እጇ ላይ መድረቅ ጀምሮ ነበር፤ በጥፍሯ ትፍቀው ጀመር። «ሱለይማን መሞቱን አልነገራችሁትም?» አለች።

 ከዚያ ልጇን ተጣርታ መጥረጊያውን አስቀምጪ አለቻት። የተነሣው አቧራ ገና በበሩ በኩል እየወጣ ነበር።

ኻሚስ ለእንግዳው ማንጎ ይምጣለት አለ። ኦሊያድ ማንጎውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ያዘው። መብላትም ማስቀመጥም አልቻለም፤ ጭማቂው በጣቶቹ መካከል እየወረደ እጅጌው ውስጥ ገባ፤ ዝንቦቹ መጡበት፤ አላባረራቸውም።

ሲመለሱ ኦሊያድ በባጃጁ ውስጥ የተጣበቀውን እጅጌውን ጠቀለለ።

«አላወቅኩም ነበር» አለ።

«ነግሬሃለሁ።»

«ነግረሽኛል። አልሰማሁሽም ማለቴ ነው።»

ዐርዋ ወደ መንገዱ ዞረች። ይቅርታውን አልገፋችውም፤ አልተቀበለችውምም። የተጸየፈችው እሱን ብቻ አልነበረም። ጊዜ ጠበበኝ ብላ ቅጂውን በገዛ እጇ የሰጠችው እሷ ናት፤ ያንን ማሰብ በአፏ ውስጥ የመዳብ ጣዕም ነበረው። በቀጥታ ወደ ደባልቄ ቢሮ ሄዱ።

«ልሰርዘው ነው የመጣሁት» አለችው።

«ምኑን?»

«ጨዋታውን። ከሁሉም ታብሌት ላይ።»

ደባልቄ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሣ። «መምህርት! ባነሩ ተሰቅሏል እኮ! የበላይ ኃላፊዎች ይመጣሉ። ለአንዲት ድምፅ ብለሽ?»

«ባነሩን አልነካም፣ አቶ ደባልቄ።»

«ድምፁን ብቻ አውጪውና የቀረውን ተዪልን። ያ ቀጭኔ እንዴት እንደሚያምር አላየሽም?»

«አይቻለሁ» አለች ዐርዋ። «ለዚህም ጭምር ነው።»

ደባልቄ ወደ ኦሊያድ ዞረ፤ አንድ ወንድ ልጅ አንድ ቁም ነገር እንዲናገር የጠበቀ ይመስላል። ኦሊያድ የመጀመሪያውን ታብሌት ከመደርደሪያው አንሥቶ ለዐርዋ አቀበላት። እሷ እየሰረዘች፣ እሱ እያቀበለ ጨረሱ። ሁሉም «እርግጠኛ ነዎት?» ብለው ጠየቋት፤ ለሁሉም መለሰችላቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ፒክሶራ አልተመለሰችም፤ የሚመለሱበት ቤት አልነበረም። በቬርዶን ባዶ ሥራ ከፈተች። ረዳቱ ድምፅ በሚያስተናግደው ክፍል ውስጥ ስለሚኖር ክፍሉን ከነሥሩ ነቅላ ጣለችው፤ መለከቶቹን የሚያጫውተውን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በእጇ ጻፈች። ለልምዷ ባዕድ የሆነ፣ ጣቶቿ በየቦታው የሚደናቀፉበት ሥራ ነበር። ቬርዶን አሁንም በየጠዋቱ ምን ድንቅ ነገር እንፍጠር ይላታል፤ እሷም በየጠዋቱ ያቅለሸልሻታል፤ ከዚያ ትሠራለች። አዲሱ ጨዋታ ለባህል ሳምንቱ አልደረሰም።

በባህል ሳምንቱ ዐርዋ ከዓኢሻ ጋር በዳሶቹ መካከል አለፈች፤ ዓኢሻ ለገበያ መጥታ ነበር። «የዋዛ ባህላዊ ጨዋታ» ከሚለው ባነር ሥር ልጆች ተሰልፈዋል። ደባልቄ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ከኢንተርኔት ያገኘውን የመኪና እሽቅድምድም ጭኖበታል። ቀይ መኪና ሰማያዊውን ይገጫል፤ ሰማያዊው ተገልብጦ ይነዳል፤ ልጆቹ ይጮኻሉ። የበላይ ኃላፊዎቹ ፎቶ ይነሣሉ። ዐርዋ ፊቷን ልታዞር ስትል ዓኢሻ እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«ይኼ ነው የሠራሽው?»

«አይደለም፣ ኻልቲ። የኔ አልደረሰም።»

ዓኢሻ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሌላ መኪና እስኪቃጠል ድረስ አየች።

«ይኼ ይሻላል» አለች። «ከነዚህ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም።»